የቀለም ትምህርትና የቀለም አበጃጀት

በአገራችን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አንድ ልጅ አእምሮው ብሩህ ሆኖ ሲገኝ «የቀለም ልጅ ነው» ተብሎ ይመሰገናል፤ እናቱም በዚህ ቃል ደስ ይላታል፤ አባቱም ቀና ብሎ ይሄዳል። ነገር ግን ያ ቀለም ከምን እንደሚበጅ፣ ማን እንደሚፈጨው፣ ስንት ወር እንደሚቆይ የሚጠይቅ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። እኔ በፍርድ ቤት ጽሕፈት የምኖር ሰው ነኝና እንጀራዬ ከቀለም የሚወጣ ስለ ሆነ ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስበው ነበር። ይልቁንም በቤቴ ያደገችው የእኅቴ ልጅ ኬሚካል ቴክኖሎጂ ልማር ባለች ጊዜ በቤተ ዘመዳችን መካከል የተነሣው ክርክር፣ ለሌሎች ወላጆችም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ስላመንሁ ይህን ጽፌአለሁ።

አስቀድሜ የፈተናውን ነገር ልናገር። በ2014 ዓ.ም. በነበረው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ተማሪዎች ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ሆኑ። ከቀሩት አንዳንዶቹ በማካካሻ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት መንገድ ቢከፈትላቸውም፣ የሚበዙት ልጆች ወዴት ይሂዱ የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ተቀምጧል። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለ ተዘጉ ጥያቄው በእኛ ዘንድ ይብሳል። የእኅቴ ልጅም ከግማሽ በታች ካመጡት አንዲቱ ሆነች። ዳሩ ግን ከትምህርቶቿ ሁሉ ኬሚስትሪን አብልጣ ትወድ ነበርና፣ በባሕር ዳር ከተማ በሚገኝ አንድ የሙያ ኮሌጅ ገብቼ ልማር ስትል ጠየቀች።

ስለዚህ ነገር ለመምከር በእስቴ በእናቴ ቤት ዘመድ ተሰበሰበ። አንዱ «እንደ ገና ትፈተን» አለ። ሁለተኛው «ትንሽ ሱቅ ይከፈትላት» አለ። ሦስተኛው ወደ ዓረብ አገር ስለ ሄዱት የጎረቤት ልጆች አነሣ፤ እኅቴ ግን ይህን ስትሰማ ፊቷን አዞረች። ልጅቱም እንድትናገር በተፈቀደላት ጊዜ አሳቧን ገለጸች። እናቴም «ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ትምህርት ነው?» ብላ ብትጠይቃት፣ «እማማ፣ ውሃ የሚጣራበት፣ ሳሙና የሚሠራበት፣ ቆዳ የሚለፋበት ትምህርት ነው» ብላ መለሰች። እናቴ ቆዳ የሚለውን ቃል በሰማች ጊዜ «የእኔ የልጅ ልጅ ፋቂ ልትሆን ነውን?» ብላ እጅግ አዘነች።

ይህ ኀዘን የእናቴ ብቻ አይደለም። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ሸክላ የምትሠራውን መናቅ በአገራችን ሥር የሰደደ ነገር ነው። ሁሉ ሰው በማረሻው ያርሳል፤ በጀንዲው ይተኛል፤ በሸማው ያጌጣል፤ በእንስራው ይጠጣል፤ ሠሪውን ግን ቡዳ ይለዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሥራው መስደብ ከልክለው ነበር። አዋጅ አፍን ሊይዝ ይችላል፤ ልብን ለመያዝ ግን ከመቶ ዓመት በላይ አልበቃውም።

ደግሞም ይህ አገራችን ለእጅ ጥበብ እንግዳ አይደለም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የሚሲዮን ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ አስቀልጠዋል፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ በዚያ ተሠርቶ፣ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል የሚጠጋ ሲሆን፣ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በጋይንት በኩል በጨጨሆ አልፎ እስከ መቅደላ ደርሷል። ይህን ታሪክ የምናወራው ስለ ንጉሡ ቍርጥ አሳብና ስለ ጎታቾቹ ብርታት ነው። የመዳቡና የቆርቆሮው መጠን ስንት እንደ ነበረ፣ ምድጃው እስከ ምን እንደ ጋለ፣ ቅርጹ በምን ጭቃ እንደ ተለሰነ ግን በአገሩ ትምህርት ሆኖ አልቀረም። መድፉ ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮ ሄደ።

ወደ ቤተ ዘመዳችን ነገር ልመለስ። በዚያ ጉባኤ ከተቀመጡት መካከል በጋይንት ቤተልሔም ድጓ የተማሩና ዕድሜያቸውን በጽሕፈት የፈጸሙ አንድ መሪጌታ አጎቴ ነበሩ። እናቴ አዝና በተቀመጠች ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «እኔ አርባ ዓመት ብራና ስፍቅ ኖሬ ፋቂ አልተባልሁም፤ ይህችን ልጅ ማን ይላታል?» አሉ። ቤቱም ዝም አለ። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዘወር ብለው «አንቺ ልጅ፣ እስኪ ንገሪኝ። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቈላ እህል፣ ከቅጠልና ከሙጫ አበጀዋለሁ። አባቶቼ የጻፉት ስንት መቶ ዓመት አልፎት አይለቅም። ስለ ምን አይለቅም?» ብለው ጠየቋት።

እርሷም «የኔታ፣ ጥላሸት ካርቦን ነው። ካርቦን ፀሐይም አየርም በቀላሉ አይለውጠውም፤ ሙጫውም ከብራናው ጋር ያጣብቀዋል» ብላ መለሰች። ጨምራም በአውሮፓ ለብዙ ዘመን ከብረት ጨውና ከዛፍ እባጭ የሚሠራ ቀለም ይጻፍበት እንደ ነበረ፣ ያ ቀለም አሲድ ስላለበት ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን እየበላ እንደሚበሳው፣ የእኛ ግን ይህ ጉዳት እንደሌለበት ተናገረች። መሪጌታም «እኔ ቀለሙ መድረሱን በአፍንጫዬና በጣቴ አውቃለሁ። አንቺ በምን ታውቂዋለሽ?» አሉ። «በሚዛንና በመለኪያ ነው፣ የኔታ፤ አፍንጫ የሌለው ሰው እንኳ ደግሞ እንዲሠራው» አለች። እርሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው «እንግዲያስ ትማር» አሉ። እናቴ በዚያ ቀን ፈጽማ ባትረታም፣ ልጅቱ ብቻዋን ቤት እንዳትከራይ፣ ከዘመድ ቤት እንድትቀመጥ ብቻ አዝዛ ነገሩን ፈቀደች።

የዚህ ትምህርት ሥረ ነገሩ በልጅቱ መልስ ውስጥ ይገኛል። ኬሚካል ቴክኖሎጂ ማለት፣ ሰው በእጅና በአፍንጫ ያወቀውን የነገሮችን መለዋወጥ በሚዛን፣ በመለኪያና በጽሑፍ ማወቅ ነው። ተማሪው መፍትል፣ ማትነን፣ ማንጠር፣ ማጥለል፣ ማድረቅ የሚባሉትን ሥራዎች በመሣሪያ ይማራል፤ የአሲድን ብርታት ይለካል፤ አንድ ፈሳሽ በውስጡ ምን ያህል ነገር እንደ ተሟሟበት ከሌላ በታወቀ ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ እየጨመረ ይደርስበታል፤ ያየውንም ሁሉ በመዝገብ ይጽፋል። መሐንዲሱ ፋብሪካውን ያቅዳል፤ ቴክኒሽያኑ ግን ሌሊትና ቀን በምድጃውና በጋኑ አጠገብ ቆሞ ሥራው ከመጠኑ እንዳይወጣ ይጠብቃል። ነገሩን በእኛ ቋንቋ ብናገር፣ አንዱ እንደ ዳኛው፣ ሁለተኛው እንደ መዝገብ ቤቱ ሹም ነው፤ መዝገቡ የተሳሳተ እንደ ሆነ ፍርዱ አይቀናም።

በአሜሪካ አገር ይህን የመሰለው ትምህርት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሚባሉት በየአካባቢው ባሉ የሁለት ዓመት ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ከእነዚህ የመጀመሪያው የመንግሥት ኮሌጅ ጆሊየት በምትባል ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1901 ተከፍቷል። አሳቡ ሩቅ አይደለም፤ የገበሬውና የሠራተኛው ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ፣ ብዙ ገንዘብም ሳያወጣ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ለሥራ የሚበቃ ሙያ ይያዝ ማለት ነው። በአገራችን የዚህ ወንድም የሚሆነው በደረጃ ተከፍሎ የሚሰጠው የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ነው። በክልላችንም የቆየ ሥር አለው፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲቲዩት ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ነበረ። ይህ ኢንስቲቲዩት ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ዛሬም በዚያ የኬሚካል ምሕንድስና በዲግሪ ይሰጣል።

አንዳንድ ሰው «ይህ የፋብሪካ ነገር ለጋይንት ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። እኔ ግን ከየቤታችን እጀምራለሁ። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናትና በዚያ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ባሉ አገሮች ግን በ100 ዲግሪ ይፈላል። ባቄላውና አተሩ በደጋ ሳይበስል የሚቆየው የማገዶው ጥፋት አይደለም። አረቄ የምታወጣውም ሴት ሳታውቀው የማንጠርን ጥበብ ትሠራለች። የአልኮሉ መፍያ 78 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ከውሃው ቀድሞ ይተንናል፤ በመቃው አልፎ በቀዘቀዘው ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። ሜታኖል የሚባለው መርዘኛ አልኮል ግን በ65 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ መልኩና ሽታው ከሚጠጣው ስለማይለይ፣ ክፉ ነጋዴ ሲቀላቅለው ዐይን የሚያጠፋውና ሰው የሚገድለው ይህ ነው። ምላስ አይለየውም፤ መለኪያ ግን ይለየዋል።

ሁለተኛው ጨው ነው። በቀድሞ ዘመን አሞሌ ከአፋር ምድር በቅሎና አህያ ተጭኖ ወደ ጎንደር ሲመጣ እንደ ገንዘብ ይሠራበት ነበር። በደጋው አገር ግን በውሃውና በአፈሩ አዮዲን እያነሰ እንቅርት ብዙ ሰው ያስቸግራል፤ የእናቲቱ ማነስ ደግሞ በማሕፀን ያለውን ሕፃን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አዘዘ። ዳሩ ግን በከረጢቱ ላይ አዮዲን አለው ተብሎ መጻፉና በእርግጥ መኖሩ ሁለት ነገር ነው። ቴክኒሽያኑ ጨውን በውሃ አሟሙቶ፣ አዮዲኑን የሚያወጣ ነገር ጨምሮ፣ የስታርች ውሃ ሲያገባበት ፈሳሹ ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ መጠኑ የታወቀ ሌላ ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ ያወርድበታል፤ ሰማያዊው የጠፋበትን ጠብታ ቈጥሮ አዮዲኑ ስንት እንደ ሆነ ያውቃል። ይህ ሥራ ከአንድ ሰዓት የማያልፍ ነው፤ የአንድ ወረዳ ሕፃናት አእምሮ ግን በእርሱ ይጠበቃል።

ሦስተኛው መሬት ነው። ከአገራችን የሚታረስ መሬት ከመቶ 43 ያህሉ አሲድ የበዛበት መሆኑ ይነገራል። በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉት ዝናም በሚበዛባቸው ደጋዎች ውሃው ካልሲየሙን እያጠበ ስለሚወስድ መሬቱ ይኮመጥጣል፤ ገበሬውም ማዳበሪያ ጨምሮ እህሉ ሲቀጭጭበት ይደነግጣል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ነገር ግን ምን ያህል ኖራ እንደሚያስፈልገው ሳይለካ ቢበተን ድካሙ ከንቱ ይሆናል። የሚለካውም አፈሩን የሚመረምር ሰው ነው።

በሥራዬ ያየሁትንም አንድ ነገር ልጨምር። ከዓመታት በፊት በምጽፍበት ችሎት አንዲት ማር ነጋዴ ስኳር ቀላቅላ ሸጠች ተብላ ተከሰሰች። ምስክሮች መጡ፤ አንዱ «ጣዕሙ ልዩ ነበር» አለ፤ ሌላው «ረግቶ አየሁት» አለ። ዳኛው ሕጉን ያውቃሉ፤ ምስክሮቹም ያዩትን ተናገሩ፤ በማሩ ውስጥ ያለውን የሚናገር ሰው ግን በአካባቢው አልነበረም። ናሙናው ወደ ሩቅ ከተማ ተላከ፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደረበ፤ ያን ሁሉ ቀጠሮ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሴቲቱ በየቀጠሮው ሕፃን አዝላ ትመጣ ነበር፤ ገበያዋም ተበተነ። በመጨረሻ የመጣው ውጤት ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም ነበር። የማር መልካምነት በዓለም የታወቀ ልክ አለው፤ ውሃው ከመቶ 20፣ ሱክሮስ የሚባለው ስኳር ደግሞ ከመቶ 5 እንዳይበልጥ ነው። የሴቲቱ ማር በሁለቱም ከልኩ በታች ሆኖ ተገኘ፤ እርሷም በነጻ ተለቀቀች። ማርም ንጹሕ ሆኖ እንደሚረጋ የዚያን ጊዜ በችሎት ተነገረ። ሁለት ቍጥር በጊዜው ቢገኝ ኖሮ ያች ሴት ወራት ሁሉ ባልተጉላላች ነበር።

ከትምህርቱ በኋላ ስለሚገኘው ሥራ ወላጆች አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ መጠየቃቸውም የተገባ ነው። የከተማ ውሃ ማጣሪያ ጭቃውን የሚያዘቅጠውን መድኃኒትና ተሐዋስያን የሚገድለውን ክሎሪን በየቀኑ የሚለካ ሰው ይሻል፤ ቢያንስ በሽታ፣ ቢበዛም ሌላ ጉዳት ይሆናልና። የስኳር ሥራ በወንጂ ከተጀመረበት ከ1946 ዓ.ም. ወዲህ እያንዳንዱ የስኳር ፋብሪካ ያለ ላቦራቶሪ አልሠራም። በጎንደር የቢራ ፋብሪካ አለ፤ በቡሬ የዘይት ፋብሪካ አለ፤ በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅና የቆዳ ፋብሪካዎች አሉ፤ ሲሚንቶ፣ ሳሙና፣ መድኃኒትና ቀለም የሚሠራበት ሁሉ ይህን ሙያ ይፈልጋል። ቆዳም ዛሬ በአብዛኛው የሚለፋው እንደ ቀድሞው በዛፍ ልጥ ሳይሆን በክሮሚየም ጨው ነው፤ ይህም ዝቃጩ ወደ ወንዝ እንዳይወርድ የሚመረምር ታማኝ ሰው ያስፈልገዋል።

ደግሞም ከተናቀ ነገር ታላቅ ዕውቀት እንደሚወጣ የአገራችን ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ አሳይቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ቀንድ አውጣውም የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈው ነበረ። እናቶቻችን በእንዶድ ሲያጥቡ ኖረዋል፤ እርሱ ግን ስለ ምን ብሎ ጠየቀና መረመረ። ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የዓለም ሽልማት አግኝቷል።

ዳሩ ግን ወላጆች ልጃቸውን ከመስደዳቸው በፊት ሊመረምሯቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ኮሌጁ የመሣሪያ ክፍል እንዳለውና ተማሪው በእጁ እንደሚሠራበት በዐይን ይታይ፤ ሚዛን ያልነካ የኬሚካል ተማሪ ውሃ ያልነካ ዋናተኛ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ተማሪው ከፋብሪካ ወይም ከውሃ ማጣሪያ ጋር የልምምድ ጊዜ እንዳለው ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ሲጨርስ የብቃት ምዘና የሚፈተንበት መንገድ ይታወቅ፤ ቀጣሪ የሚጠይቀው የምዘናውን ወረቀት ነውና። አራተኛ፣ ስለ ጤንነቱ ይታሰብ፤ መነጽር፣ ጓንትና ጥሩ የአየር መውጫ በሌለበት አሲድ መያዝ ዐይንን መሸጥ ነው። አምስተኛ፣ ሒሳብ የሚጠላ ልጅ በዚህ ሙያ ይቸገራልና ዝንባሌው ይታይ። ደግሞ ሥራው ወዲያው በደጅ ላይ የሚጠብቅ አይምሰላችሁ፤ ፋብሪካ ከጋይንት ሩቅ ነው፤ የጀማሪም ደመወዝ ትንሽ ነው፤ ከአገር ወጥቶ መኖር ይጠይቃል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ልጅ በኋላ ተስፋ አይቈርጥም።

የእኅቴ ልጅ አሁን ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ለበዓል በመጣች ጊዜ ከጉድጓዳችን ውሃ በጠርሙስ ቀድታ ወሰደች፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ «ሳይፈላ አይጠጣ» ብላ ላከች። የቤታችን ሕፃናት በየክረምቱ ሆዳቸውን የሚያማቸው ስለ ምን እንደ ሆነ የገመትን ብንሆንም ለክተን የነገረን እርሷ የመጀመሪያዋ ናት። ከዚያ ወዲህ እናቴ ራሷ ውሃውን እያፈላች በንጹሕ ጋን ታስቀምጣለች፤ ጎረቤት ሲጠይቃትም «ልጄ መርምራ ነው» ትላለች።

እንግዲህ እናንተ የአገር ሽማግሌዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና የልጆች አባቶች ሆይ፤ በንፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ያሉት ልጆቻችን ሁሉ ዳኛና ሐኪም ሊሆኑ አይችሉም፤ ሊሆኑም አያስፈልግም። ውሃውን፣ ጨውን፣ ማሩንና አፈሩን የሚመረምር አንድ ትንሽ ቤት በየወረዳው ቢቋቋምና እነዚህ ልጆች በዚያ ቢቀጠሩ፣ ለገበሬው፣ ለእናቲቱና ለዳኛውም ይበጃል። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን በእጃችን ያለ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ልጅ ይህን ትምህርት ሲመርጥ ቤተ ዘመዱ የሐዘን ፊት እንዳያሳየው ነው።